አራስና ጡቷ፤ በይፋት ቆላ በአጣዬ አካባቢ የእናት ወተት የሚጠበቅበት ልማድ

መግቢያ

አራስ የሚለው የአማርኛ ቃል ከግዕዙ «ሐራስ» የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በቅርብ የወለደችና ገና ከመኝታዋ ያልተነሣች ሴት ማለት ነው። ጠባ የሚለው ግስም እንዲሁ ከግዕዙ «ጠበወ» የወረደ ነው። ሕዝቡ በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ የመሠረተው አነጋገር ብዙ ነው። ቁጣው የማይቻል ሰው አራስ ነብር ይባላል፤ ያሳደገውን የከዳ ሰው የእናት ጡት ነካሽ ይባላል፤ ባዕዱን ሰው በመሐላ ልጅ ያደረገ ደግሞ የጡት አባት ይባላል። ከዚህ እንደሚታየው በሀገሩ አስተሳሰብ የእናት ወተት የሕፃን ምግብ ከመሆኑም በላይ የዝምድናና የታማኝነት ምልክት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሰሜን ሸዋ በአጣዬና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ሴት በወለደች ጊዜ ጡቷ ወተት እንዲሞላ የሚደረግላትን እንክብካቤ ነው። ከዚህ ልማድ ውስጥ የትኛው ወተትን እንደሚረዳ፣ የትኛውም እንደሚያሰናክል ከዛሬው የሕክምና ዕውቀት ጋር እየተነጻጸረ ይገለጻል። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አገሩና ሕዝቡ

አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጐዳና 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የመንዝና የግሼ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተምሥራቅ ሜዳው እየሞቀ ወደ አፋር አገር ይወርዳል፤ በስተደቡብ ሸዋ ሮቢት፣ በስተሰሜን ካራቆሬና ከሚሴ ይገኛሉ። በዚህ አገር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከጥንት ጀምሮ በገበያ እየተገናኙ ኖረዋል። እሑድ እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ ደገኛው ገብሱን፣ ቆለኛው ማሽላውን፣ ከብት አርቢው ቅቤውንና ከብቱን ያመጣል።

ይህ የገበያ ግንኙነት ለአራስ ቤት ትልቅ ጥቅም አለው። ቆላው ማሽላና ጤፍ እንጂ ገብስና አጃ እንደ ልብ አያበቅልም፤ ለአራስ ገንፎና አጥሚት የሚፈለገው ገብስ ከደጋ ይወርዳል፤ ቅቤው ከአርቢው ይመጣል፤ አብሹና ተልባው ከነጋዴ ይገዛል። ስለዚህም የአንዲት አራስ ማዕድ የብዙ አገር ሰው ድካም የተሰበሰበበት ነው። መንገድ በተዘጋና ገበያ በተፈታ ጊዜ በመጀመሪያ ከሚጐዱት ሰዎች አንዷ አራስ የምትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የወሊዱ ቀንና የአራስ ቤት

በአማራው ልማድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ብዙ ጊዜ በወላጆቿ ቤት ነው። ወሯ ሲቃረብ ወደ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ እናቷም ከምጡ ጀምራ እስከ መነሻዋ ድረስ ታርሳታለች። የቀሩትን ልጆች በባሏ ቤት ስትወልድ ይህን ሥራ አማቷ፣ እኅቷ ወይም ጎረቤቶቿ ይረከቡታል። በክርስቲያኑ ቤት ምጥ በመጣ ጊዜ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጠናሉ፤ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ዱዓ ይደረጋል፤ በወሎና በይፋት ሙስሊሞች ዘንድ ቡና ተፈልቶ ወዳጃ የሚቀመጥበት ጊዜም አለ።

ልጁ ሲወለድ እልልታው ብዙ ጊዜ ለወንድ 7፣ ለሴት 3 ነው። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ይቀበራል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤቱም ቅቤ በመሐሉ ከፈሰሰበት ገንፎ በልቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ አራሲቱን ይመርቃል። በሙስሊሙ ቤት በሕፃኑ ጆሮ አዛን ይባላል፤ በ7ኛው ቀንም ዐቂቃ ታርዶ ስም ይወጣል። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ።

ከዚህ በኋላ አራሲቱ በጓዳ፣ መደብ ላይ፣ መጋረጃ ተጋርዶላት ትተኛለች። ብቻዋን አትተውም፤ በራስጌዋ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይደረጋል፤ ውኃ አትቀዳም፤ እንጨት አትለቅምም፤ ከእሳትና ከወፍጮ ትርቃለች። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አራስ ለጋኔንና ለሰው ዓይን የተጋለጠች ናት የሚል ነው። ምክንያቱ እንዲህ ቢሆንም ሥራው የሚያስገኘው ውጤት ግልጽ ነው፤ እናትና ልጅ ለ40 ቀን ያህል በአንድ መኝታ፣ ገላ ለገላ ተጠጋግተው፣ ሌሊትም ቀንም ሳይለያዩ ይሰነብታሉ። በሙስሊሙም ቤት የኒፋሱ ጊዜ እስከ 40 ቀን ስለሚታሰብ እረፍቱ ተመሳሳይ ነው።

የወተት አመነጫጨት

የይፋት ገበሬ ላም ሲያልብ የሚያደርገውን ያየ ሰው የሴትንም ጡት ጠባይ ለማወቅ አይቸገርም። የአበሻ ላም ጥጃዋ ሳይነካት ወተቷን አታወርድም። ስለዚህ አላቢው ጥጃውን አስቀድሞ ለጥቂት ጊዜ ያስጠባዋል፤ ወተቱ ሲወርድ ጥጃውን ይነጥልና ያልባል። ላሚቱ በደነገጠች ወይም እንግዳ ሰው በቀረባት ጊዜ ወተቷን ትይዛለች። ሳትታለብ የሰነበተች ላም ደግሞ ቀስ በቀስ ትነጥፋለች።

የሰው ጡትም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። እንግዴ ልጁ ከማሕፀን እንደወጣ ወተትን አግዶ የነበረው ሆርሞን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጡት በብዛት ማመንጨት ይጀምራል። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር በእናቲቱ ሰውነት ሁለት ነገሮች ይሆናሉ፤ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ የተሠራው ወተት እንዲወርድ ጡቱን ያጨምቃል። ፕሮላክቲን በተለይ ሌሊት ይበረታል። ፍርሃት፣ ሕመምና ጭንቀት የኦክሲቶሲንን ሥራ ያዘገዩታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ዋናው ሕግ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ከጡት የወጣው ወተት ይተካል፤ በጡት ውስጥ የቀረው ወተት ግን ጡቱን ሥራ ያስፈታዋል።

ስለዚህ አራስን ከሥራ ማሳረፍ፣ ከልጇ አለመለየት፣ ከድንጋጤና ከነገር መጠበቅ ሁሉ ለወተት የሚስማማ ልማድ ነው። ከአራስነት ከተነሣች በኋላም አንቀልባ ይህንኑ ሥራ ይቀጥላል። ልጁ በእናቱ ጀርባ ስለሚውል ገበያም ሆነ ማሳ ብትሄድ በፈለገው ጊዜ ወደ ፊት ዞሮ ይጠባል።

የአራስ ምግብ

አራስ የቤቱ ምርጥ ምግብ ይሰጣታል። የገብስ ወይም የማሽላ ገንፎ በቅቤ፣ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት በማር፣ ቅንጬ፣ የተልባ ውኃ፣ የዶሮና የበግ መረቅ ከሁሉ የታወቁት ናቸው። ወተት ያመጣል ተብሎ ከሁሉ የሚመሰገነው አብሽ ነው። አብሹ ተፈጭቶ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ መራራው ውኃ እየተደፋ ይለወጣል፤ ከዚያ እስኪነጣና እስኪኮፍስ ድረስ ተመትቶ ማር ይጨመርበትና ትጠጣለች። አብሽ ከሕንድ እስከ ሰሜን አፍሪካ በብዙ አገር ለአራስ የሚሰጥ ነው። በዚህ ረገድ የተደረጉት ምርመራዎች ጥቂቶችና ትንንሾች ስለሆኑ አብሽ በራሱ ወተት ያበዛል ብሎ ለመቁረጥ አያስችሉም።

ይሁን እንጂ የዚህ ማዕድ ጠቅላላ ጥቅም አያጠራጥርም። የምታጠባ ሴት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ልጇ በሚጠናበት ጊዜ የምታመነጨው ወተት በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ሞቃት በሆነው ቆላ ደግሞ ጥሟ ይበረታል። እህል፣ ቅቤና ብዙ ፈሳሽ በአንድነት የሚገኝባቸው ገንፎና አጥሚት ለዚህ የተመቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ የወለደችና ድሀ የሆነች ሴት ሳይቀር እነዚህን 40 ቀናት ከጎረቤት በሚመጣላት ምግብ ልትሻገር ትችላለች፤ አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣምና።

ከዚህ ውስጥ የሚነቀፍ ነገር ቢኖር ጠላ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ጠላ ጡት ይሞላል ተብሎ ለአራስ ይሰጣል። በዛሬው ዕውቀት ግን አልኮል ኦክሲቶሲንን ስለሚያዳክም ወተቱ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ወደ ወተቱም ይገባል። ጾምን በተመለከተ ክርስቲያኗ አራስ እስከ ልጁ ክርስትና ድረስ አትጾምም፤ በእስልምናም ሕግ የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ እንድታስተላልፍ ተፈቅዶላታል።

እንገርና ቅቤ

እናትን በሚመለከተው ልማድ ላይ ይህን ያህል ማስተዋል ያሳየው ሕዝብ በሕፃኑ በኩል ወተትን የሚያሰናክል ልማድም ይዟል። በወሊድ ማግሥት ከጡት የሚወጣው ወፈር ያለና ቢጫማ ወተት፣ እንደ ላሚቱ ሁሉ፣ እንገር ይባላል። በብዙ ቤት ይህ ወተት የቆየና የሆድ ቁርጠት የሚያመጣ እንደሆነ ስለሚታመን ታልቦ ይደፋ ነበር። እስኪጠራም ድረስ ሕፃኑ ቅቤ እንዲውጥ ይደረጋል። ቅቤው አንጀቱን ያለሰልስለታል፣ ጉሮሮውን ይከፍትለታል ይባላል። በሙስሊሙም ዘንድ በሕፃኑ ላንቃ ላይ ቴምር ወይም ሌላ ጣፋጭ ነገር የማስነካት ሱና አለ፤ ይህ ግን ለመባረክ የሚደረግ ጥቂት ቅምሻ እንጂ ወተትን የሚተካ ምግብ አይደለም።

እንገር መጠኑ ጥቂት ቢሆንም የተወለደ ሕፃን ሆድም ትንሽ ስለሆነ ይበቃዋል። ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችና ቫይታሚን ኤ ይበዙበታል፤ የሕፃኑንም አንጀት ስለሚያጥብ የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል፤ ቅቤው ይሠራል ተብሎ የታሰበውን ሥራ በእውነት የሚሠራው እርሱ ነው። እንገሩ ሲደፋ ሕፃኑ ብቻ አይጐዳም። በቅቤ የጠገበ ሕፃን በደንብ አይጠባም፤ ያልተጠባ ጡት በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ወተቱ ሲመጣ ያግታል፤ ይወጠራል፣ ይግላል፤ የተወጠረውን ጡት ደግሞ ሕፃኑ ለመጉረስ ይቸገራል። ጡቱ ሳይለቀቅ ከቆየ ወተቱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቆስላል። በዚህ ጊዜ ሴቶች በሞቀ ጨርቅ መተኮስና ማለብ ያውቃሉ፤ ይህም መልካም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልጁን ቶሎ ቶሎ ማስጠባት ነው።

ሕፃኑ መጥባት ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በአገር ባለሙያ የሚቆረጥበት ልማድም አለ። ይህ ደም መፍሰስንና መመረዝን ያመጣል፤ ቁስለኛ የሆነውም ጉሮሮ መጥባቱን ይብሱን ይተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በእንጥሉ አይደለም፤ ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ስለሚይዝ ነው። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለውን ዙሪያውንም ጭምር በሰፊው አፍ እንዲጎርስ ሲደረግ እናቲቱ አትታመምም፣ ወተቱም ይወርዳል።

ቆላው ሞቃት ስለሆነ ለሕፃን ውኃ ማጠጣት የግድ ይመስላል። ነገር ግን ከእናት ወተት ከመቶ 87 የሚያህለው ውኃ ነው፤ ስለዚህ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በበረሃ አገር እንኳ እስከ 6 ወር ሌላ ውኃ አያስፈልገውም። የሚሰጠው ውኃ የጡቱን ቦታ ይወስዳል፤ ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣል።

ወተት አነሰ ሲባል

ከወሊድ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ የብዙ ሴቶች ጡት እንደ መጀመሪያው መወጠሩን ይተውና ይለሰልሳል። እናቲቱም ወተቴ ጠፋ ብላ ትሠጋለች። በሀገሩ ልማድ ይህ በሰው ዓይን ይመካኛል። ስለዚህ አራስ ስታጠባ በነጠላዋ ትሸፈናለች፤ ሕፃኑን ያደነቀ ሙስሊም «ማሻ አላህ» እንዲል፣ ክርስቲያኑም «እንትፍ፣ እንትፍ» እንዲል ይጠበቅበታል፤ ክታብም ይታሰራል። እውነቱ ግን ጡቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር መጠኑን ማስማማቱ ነው። የሚያስፈራውስ ከዚህ ሥጋት የተነሣ የላም ወይም የፍየል ወተት ለሕፃኑ መስጠት ሲጀመር ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ ጡቱን ያሳንሳል፣ ጡቱም ወተቱን ያሳንሳል፤ በሐሰት የተፈራው ነገር በእውነት ይደርሳል። ወተት መብቃቱን ለማወቅ የሚሻለው ምልክት ሕፃኑ አዘውትሮ መሽናቱና ክብደቱ መጨመሩ ነው።

የጡት ዝምድና

እናት በሞተች ወይም በታመመች ጊዜ ሕፃኑን የምታጠባ ሌላ ሴት ትፈለጋለች። በሙስሊሙ ዘንድ ይህ ከባድ ውጤት አለው። በሕፃንነቱ፣ ማለት በ2 ዓመቱ ውስጥ፣ ከአንዲት ሴት የጠባ ልጅ ልጇ ይሆናል፤ ልጆቿም ወንድሞቹና እኅቶቹ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ ጋር መጋባት አይችልም። በሻፊዒ መዝሀብ ይህ የሚጸናው 5 ጊዜ ጠግቦ ሲጠባ ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ ግን አንድ ጊዜም ቢሆን ያጸናዋል። ስለሆነም ማን ማንን እንዳጠባች ሴቶች ጠንቅቀው ይይዛሉ፤ ጋብቻ ሲታሰብም ይጠየቃሉ።

በክርስቲያኑ አማራ ዘንድ የነበረው የጡት ልጅነት ከዚህ ይለያል። ልጅ ለመሆን የፈለገው ሰው፣ ጐልማሳም ቢሆን፣ የአሳዳጊውን ጣት በማር ነክሮ በመጥባት የጡት ልጅ ይሆናል፤ ጥበቃና ርስት እስከ መስጠትም ሊደርስ ይችላል። በዚህ ወተት የለም፤ ወንዱም ጡት አባት ይባላል። የሙስሊሙ ሕግ በእውነተኛ ወተት ላይ የቆመ ሲሆን የክርስቲያኑ ልማድ የወተትን ምሳሌ ብቻ ወስዷል። ሁለቱም ግን በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፤ ጡት የሰጠ ሰው ወላጅ ነው።

የጤና ትምህርትና የመፈናቀል ዘመን

በ1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የዱቄት ወተት ማስታወቂያን የሚገድብ ደንብ ካጸደቀ ወዲህ ለእናት ጡት የሚሰጠው ትኩረት በየአገሩ ጨምሯል። በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌዎች ተሰማርተው፣ ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ፣ እንገሩም እንዳይደፋ ያስተምራሉ። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገር በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በመጀመሪያው ሰዓት የጠቡ ሲሆኑ፣ ከጡት በፊት ሌላ ነገር የተሰጣቸው 8 ብቻ ነበሩ። ከ6 ወር በታች ካሉት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 49፣ በ2008 ዓ.ም. ግን 58 ሆነዋል። የቅቤው ልማድ እየቀነሰ ሲሄድ ገንፎው፣ አጥሚቱና የአራስ ቤቱ እረፍት ግን አልተነቀፉም፤ ሊነቀፉም አይገባም።

ከልማዱ ይልቅ የበረታ ፈተና የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት የከተማይቱ ብዙ ክፍል ተቃጥሎ ነዋሪው ተሰደደ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ በዚያው ጐዳና ወደ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። የአራስ ቤት ሥርዓት የሚፈልገው ነገር ሁሉ በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድነት ይጐድላል። መደቡና መጋረጃው የለም፤ ገብሱን የሚያወርደው ገበያ ተፈቷል፤ እናትና አማት በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ፍርሃቱም ወተቱን እንዳይወርድ ያደርጋል። በመጠለያ የሚታደል ዱቄት ወተት በዚህ ጊዜ መፍትሔ ይመስላል፤ ንጹሕ ውኃና ማገዶ በሌለበት ግን ለሕፃኑ የተቅማጥ ምክንያት ይሆናል፤ እርዳታው ሲቋረጥም የነጠፈው ጡት ወዲያው አይመለስም። እናት ለሌለው ሕፃን በሐኪም ትእዛዝ ከሚሰጠው በቀር፣ የሚሻለው እናቲቱን ራሷን መመገብና ማጠጣት፣ ከልጇ ሳትለይ የምትቀመጥበት የተጋረደ ስፍራ መስጠት፣ የምታምናትንም ሴት አጠገቧ ማኖር ነው። ድንጋጤ የያዘው ወተት ጠፍቶ የሚቀር አይደለም፤ ሕፃኑ አዘውትሮ ሲጠባና እናቲቱ ስትረጋጋ ይመለሳል። ሌላይቱ ሴት ባጠባች ጊዜም፣ በሙስሊሙ ዘንድ የኋላ ጋብቻ እንዳይበላሽ፣ ስሟን ይዞ ማቆየት ይገባል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው በይፋት ቆላ ያለው የአራስ ልማድ ሁለት ክፍል አለው። ለእናቲቱ የሚደረገው እረፍት፣ ምግብ፣ ከልጅ ጋር መተኛትና በሴቶች መከበብ ከዛሬው ዕውቀት ጋር ይስማማል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በሕፃኑ ላይ የሚደረገው ቅቤ ማዋጥ፣ እንገር መድፋትና እንጥል መቁረጥ ግን ይቃረነዋል። የኋለኛውን ማስተው የሚቻለው የፊተኛውን በማክበር ነው። እንገር እንዳይደፋ የሚያስተምር ሰው ከአራሲቱ ይልቅ አስቀድሞ ከእናቷና ከአማቷ ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል፤ በዚያ ቤት ቅቤውን የምትይዘውም ገንፎውን የምታገነፋውም እርሷ ናትና። ለተፈናቀሉት እርዳታ የሚያደራጅም ሰው አንዲት አራስ ስትቆጠር ከእርሷ ጋር የምታርሳትንም ሴት አብሮ ሊቆጥር ይገባል።